የባቲ ፍየል ስም ከየት መጣ፣ ሌጦውስ ለምን ወረደ?

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከላይ ከቃሉና ከወረባቦ ገበሬው እህሉን ጭኖ ፍየሉን እየነዳ ይወርዳል፤ ከታች አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉን፣ ቅቤውንና ጨውን ይዞ ይወጣል። ባቲ የተቆረቆረችው ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ስለሆነ ሁለቱ ወገኖች እኩል መንገድ ተጉዘው ይገናኙባታል። ፍየል ተራው ውስጥ ገብቶ «የባቲ ፍየል የትኛው ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ ግን የሚመለስለት ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ለምን ፈልገኸው?»

ነጋዴው ማምለጡ አይደለም። ለአራጅ የባቲ ፍየል ማለት ሰኞ ዕለት ባቲ ላይ የተገዛ ፍየል ሁሉ ነው፤ የተወለደው አፋር ጭፍራ ይሁን ወረባቦ ግድ የለውም። ለቆዳ ፋብሪካ ባለሙያ ደግሞ የባቲ ፍየል እንስሳ ሳይሆን ሌጦ ነው። በቆዳ ንግዱ የፍየል ሌጦ በመጣበት አካባቢ ሲመደብ የባቲ አካባቢው «ባቲ ጀኒዩን» ይባላል፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ ጠባዩ የሚመስለው «ባቲ ታይፕ» ይባላል። የዝርያ ተመራማሪው መልስ ከሁለቱም ይለያል። ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሦስት ነውና «የባቲ ፍየል እየጠፋ ነው» ሲባል ምኑ እንደሚጠፋ ካልተለየ መፍትሔውም ይምታታል። እኛ የምንለው ይህንን ነው፦ ስሙን ያወጣለት ሌጦው ነበር፤ ሌጦው የወረደውም ጥራቱን የሚጠይቅና ለጥራቱ የሚከፍል ሰው በአርቢው ደጅ ስለጠፋ ነው።

ዝርያ ነው ወይስ የገበያ ስም?

እ.ኤ.አ. በ1996 ፋርም አፍሪካ የተባለው የልማት ድርጅትና ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ያወጡት የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍየሎች ጥናት 14 ዓይነት ፍየል ይዘረዝራል። ባቲ የሚባል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያሉት ከላይ የማዕከላዊ ደጋ ፍየል፣ ከታች የአፋር ፍየል ናቸው፤ ባቲ ደግሞ የሁለቱ ድንበር ላይ ናት።

ሁለቱን ለይቶ ማየት አይከብድም። የማዕከላዊ ደጋው ፍየል ፊቱ ሰፋ ያለና ቀጥ ያለ፣ ቀንዱ ወፍራም፣ ቀለሙ በብዛት ቀይ ቡናማ ነው። ያደገች ሴት 30 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። የአፋሩ እግረ ረጅም ነው፤ ፊቱ ጠባብ ሆኖ አፍንጫው ላይ ሰርጎድ ይላል፣ ጆሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቀንዱ ቀጭንና ወደ ላይ የተመዘዘ ነው። ቀለሙ ዝንጉርጉር ይበዛበታል። ሴቷ አነስ ትላለች፣ ከ24 ኪሎ ብዙም አትርቅም። ከሐይቅ በታች ጀምሮ እስከ ባቲ፣ ከዚያም እስከ ከሚሴ ባለው ወይና ደጋና ቆላ የሚታየው የሁለቱ መሐል ነው፦ ፀጉሩ አጭር፣ ቀለሙ አንድ ወጥ ቀይ ወይም ዳማ፣ ቁመናው ከደጋው ቀለል፣ ከአፋሩ ጠንከር ያለ።

ኋላ ላይ የመጡ ተመራማሪዎች ይህንን ፍየል «ባቲ» ብለው ራሱን አስችለው፣ ከቦረናና ከአጭር ጆሮው የሶማሌ ፍየል ጎን አቁመው አጥንተውታል። ስለዚህ «ዝርያ ነው» የሚለውም «የገበያ ስም ነው» የሚለውም ክርክር ማስረጃ አያጣም። እንደኛ ግምት ድንበሩን በመስመር ለማስመር መድከም ትርፍ የለውም። በየሳምንቱ ሰኞ ፍየል ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋም ወደ ቆላ በሚሻገርበት ገበያ ዙሪያ ንጹሕ ዘር መፈለግ የቦርከናን ውሃ ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ በጣሳ ለመለየት እንደመሞከር ነው። የሚያዋጣው ፍየሉ ምን ይችል እንደነበርና አሁን ምን እንደቀረበት ማየቱ ነው።

ሌጦው ምን ነበረው?

ሌጦ ሁለት ገጽ አለው፤ የፀጉር ገጽና የሥጋ ገጽ። ለጫማና ለቦርሳ የሚፈለገው አንጸባራቂ ቆዳ በፀጉር ገጹ ይሠራል። ሱዊድ የሚባለው፣ እጅ ሲያርፍበት እንደ ከፋይ የሚለሰልሰው ቆዳ ግን የሚወጣው የሥጋ ገጹ ተሞርዶ ነው። የባቲ ሌጦ በውጭ ገዢ ዘንድ ስም ያወጣው ለሱዊድ ነው። ምክንያቱም ሦስት ነው፦ ለፍየል ሌጦ ወፈር ያለ ነው፤ ወፍራም ሆኖም በቀላሉ ይተጣጠፋል፤ የሥጋ ገጹም ንጹሕ ነው። ስስ ሌጦ ሲሞረድ ይበሳል፣ ግትር ሌጦ ለልብስ አይሆንም፣ የሥጋ ገጹ የተጫረ ሌጦ ደግሞ ጭረቱ ሱዊዱ ፊት ላይ ይወጣል።

የአጭር ፀጉር ፍየል ሌጦ ከባለ ሱፍ በግ ሌጦ የሚለየው በውስጡ ነው። ባለ ሱፍ በግ ቆዳው ውስጥ ስብ ያጠራቅማል፤ ስቡ ሲወጣ ቦታው ባዶ ስለሚቀር ቆዳው ይላላል። የፍየሉ ቆዳ ውስጥ ያለው ክር መሰል ቃጫ ግን ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ነው። ይህ ፍየሉ ይዞት የሚወለደው ሀብት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ፣ ማለትም ፍየሉ በሕይወት ሳለ ምን በላው፣ ሲታረድ እንዴት ተገፈፈ፣ ከተገፈፈ በኋላ ስንት ሰዓት ያለ ጨው ቆየ የሚለው፣ ከዚያ ሀብት ላይ መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም።

ስልቻ የሚፈርድበት ዘመን

የቆዳ ፋብሪካ ከመምጣቱ በፊት የሌጦ ዳኛ ቤቱ ነበር። ዱቄት በስልቻ፣ እህል በአቁማዳ፣ ውሃ በእርኮት ይያዝ ነበር፤ ብራና ፋቂውም የፍየል ሌጦ መርጦ ይወስዳል። ለስልቻ የሚሆን ፍየል ሆዱ አይቀደድም። ከኋላ እግሮቹ መሐል ብቻ ተከፍቶ፣ ልክ እንደ ካልሲ ወደ አንገቱ እየተገለበጠ ሙሉውን ይወጣል። ገፋፊው ቢላዋ የሚያስነካው እግርና ጅራት ላይ ብቻ ነው፤ ቀሪው የጡጫ ሥራ ነው። አንድ ቀዳዳ ካለው ዱቄቱ ይፈስሳል፣ እርኮት ከሆነ ጭራሽ አይረባም። ስለዚህ የሚገፍፈው ሰው እጁን ይጠብቅ ነበር፤ ጥፋቱን በማግስቱ የራሱ ሚስት ትነግረዋለችና።

ከዚያ ማዳበሪያና ጀሪካን መጣ። ማዳበሪያው ከስልቻ ይረክሳል፣ ጀሪካኑ ከእርኮት ይቀላል፣ ሁለቱም ጠረን የላቸውም። ማንም በዚህ አልተከፋም፤ ውሃ በእርኮት ተሸክማ ዳገት የወጣች ሴት ጀሪካንን የምትጠላበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ከስልቻው ጋር አንድ ሙያ ወጣ። ሌጦ ለቤት የማይሆን፣ ለሰብሳቢ ብቻ የሚሸጥ ነገር ሲሆን የሚፈርድበት ሰው ርቆ ፋብሪካ ገባ። ፋብሪካው ያየው ጉድለት ደግሞ ተመልሶ ባቲ አይደርስም።

እከክ፣ በጥሬው የማይታየው ጠላት

የሌጦው ጥራት መውረድ ሲነሳ የመጀመሪያው ተከሳሽ እከክ ነው። ቃሉ ሁለት ነገር ይሸፍናል። ገበሬው እከክ የሚለው ፍየሉ ሲታከክ፣ ፀጉሩ ሲረግፍና ቆዳው ሲሰነጣጠቅ የሚያየውን ነው፤ ይህ በብዛት የቆዳ ነቀዝ የሚባለው በዓይን የማይታይ ተባይ ሥራ ነው፣ ከከንፈርና ከጆሮ ይጀምርና ወደ ሰውነት ይሰፋል። ፋብሪካው እከክ የሚለው ግን ፀጉሩ ከተነቀለና ሌጦው መለፋት ከጀመረ በኋላ በፀጉር ገጹ ላይ ብቅ የሚለውን ነጠብጣብ ነው። ሌጦው በፀጉሩ ሳለ ፍጹም ጤነኛ ይመስላል። ሰብሳቢው በእጁ ዳሶ አንደኛ ደረጃ ያለው ሌጦ አሲዱ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ሽፍታ የወጣበት ፊት ይመስላል።

የዚህ ነጠብጣብ ዋና ምክንያት ቅማል ነው፤ በበግ ላይ ደግሞ ክንፍ የሌላት የበግ ዝንብ ትጨመራለች። ቅማሉ ሲነክስ የፍየሉ ሰውነት ይቆጣል፣ ቁጣው በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ጠባሳ ይተዋል። ፍየሉ ሲታከክ በግራርና በድንጋይ የሚጭረው ደግሞ ሌላ ነው። ቅማል የሚበዛው በበጋ፣ መኖ ሲያጥርና ፍየሎቹ ሲከሱ፣ ጉረኖው ውስጥ ተጠጋግተው ሲያድሩ ነው።

ሕክምናው ውድ አይደለም፤ የሚበላሸው በአሠራሩ ነው። የተለመደው መድኃኒት ዲያዚኖን ነው፤ 60 በመቶው ፈሳሽ በብዛት በ1 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ሆኖ ይበጠበጣል፤ ከጠርሙሱ መለያ ጋር ካልተስማማ መለያው ይቀድማል። ፍየሉ እስከ ቆዳው ድረስ መራስ አለበት፤ ጀርባውን ብቻ ረጭቶ መተው ቅማሉን ወደ ሆዱና ወደ ብብቱ መስደድ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንን ሁለተኛውን ነው። መድኃኒቱ ቅማሉን ይገድላል እንጂ እንቁላሉን አይነካም፤ እንቁላሉ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል፤ የመጀመሪያው ርጭት ብቻውን የሚሰጠው የሁለት ሳምንት እረፍት ነው። ሌላው፣ በጉረኖው ያለው ፍየልና በግ ሁሉ በአንድ ቀን መረጨት አለበት። ቅማል ከፍየል ወርዶ ብዙ ቀን አይቆይምና ጉረኖው አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ለዘመድ ተውሶ የሄደው፣ በርጭቱ ቀን ያልነበረው አንድ ወጠጤ ነው። እሱ ሲመለስ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ዲያዚኖን መርዝ ነው። ጓንት ይደረጋል፣ ነፋስ ከኋላ ይሁን፣ ትርፉ ወደ ወንዝና ወደ ንብ ቀፎ አካባቢ አይደፋ። ቀዝቃዛ ወይም ዝናባማ ቀን፣ እንዲሁም ግልገሎች ገና ሳምንት ሳይሞላቸው ባይረጭ ይመረጣል።

አሁን አሁን ብዙ ሰው ከመርጨት ይልቅ አይቨርሜክቲን መወጋትን ይመርጣል፤ ቀላል ነው፣ ለነቀዝም ፍቱን ነው። የ1 በመቶው መድኃኒት ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለ30 ኪሎ ፍየል 0.6 ሚሊ ሊትር ከቆዳ ሥር ይበቃል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ነገር ግን ቅማል ሁለት ዓይነት ነው። ደም መጣጩ መርፌውን ከደሙ ጋር ይጠጣውና ይሞታል። ፀጉርና የቆዳ ቅርፊት የሚቆረጥመው ግን ደም ስለማይጠጣ መርፌው እምብዛም አይደርስበትም። «ወጋሁት፣ ግን አሁንም ይታከካል» የሚለው እሮሮ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። የተወጋ ፍየል ቶሎ አይታረድም፣ ወተቷ የሚጠጣ ፍየልም አትወጋም።

ለሱዊድ ከቅማሉ የሚብሰው ሌላ ተውሳክ ነው። በፀጉር ሥር ገብቶ አንገትና ትከሻ ላይ አተር የሚያህል፣ ሲጨመቅ እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር የሚያወጣ እብጠት የሚፈጥር ረቂቅ ነቀዝ አለ። የቅማሉ ጠባሳ የፀጉር ገጹ ላይ ስለሚቀር ሱዊድ የሥጋ ገጹን ይዞ ሊያመልጥ ይችላል። የዚህኛው ጉድጓድ ግን ውስጥ ድረስ ይዘልቃል፤ ሲሞረድ ቀዳዳ ይሆናል።

ቢላዋው

የባቲ ሌጦ ሀብት የሥጋ ገጹ ነው ካልን፣ የሥጋ ገጹን የሚያበላሸው ዋናው ነገር ቢላዋ መሆኑ ግልጽ ነው። በጥልቀት የገባ ቢላዋ ሌጦውን ይበሳዋል፤ ያልበሳውም ጭረት ይተዋል። ገፋፊው ያልተበሳ ሌጦ ይዞ «ደህና ነው» ይላል፤ ሱዊድ ሠሪው ግን ጭረቱን ያያል።

በደንብ የተገፈፈ ሌጦ እንዲህ ይወጣል። ፍየሉ ደሙ ሙሉ በሙሉ ከፈሰሰ በኋላ በኋላ እግሮቹ ይሰቀላል፤ መሬት ላይ የተገፈፈ ሌጦ አፈር፣ ፈርስና ደም ይነካዋል። ስለታም ጫፍ ያለው ቢላዋ የሚያስፈልገው ለመክፈቻው ብቻ ነው፦ ከጉሮሮ እስከ ጅራት በሆዱ መሐል ቀጥ ብሎ፣ ከዚያ በእግሮቹ ውስጥ በኩል። መስመሩ ከተጣመመ ሌጦው ሲዘረጋ አንድ ጎኑ ጠቦ ሌላው ይሰፋል፣ ፋብሪካው ሲቆርጠው ብዙ ይጥላል። ከዚያ ቢላዋው ይቀመጣል። ጡጫ በሌጦውና በሥጋው መሐል ይገባና ከሆድ ወደ ጀርባ እየተገፋ ይሄዳል፤ ሞቅ ባለ ሰውነት ላይ ሌጦው በራሱ ይለቃል። ብዙ ቦታ በእግሩ በኩል ቀዶ በትንፋሽ መንፋት ልማድ ነው፤ ሌጦውን ይጠቅማል፣ ለሥጋው ንጽሕና ግን አይመከርም። ፍየሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ከተጀመረ ጡጫ አይገባም፤ ያኔ ቢላዋ ይነሳል፣ ሌጦውም ያኔ ያበቃለታል።

አረፋ ሲደርስ ይህ ሁሉ ይረሳል። በአንድ ጠዋት በየግቢው ይታረዳል፣ አራጁ ጥቂት፣ ቤቱ ብዙ ነው። እየተሯሯጠ ከግቢ ወደ ግቢ የሚዞረው ሰው የሚታሰብለት በፍጥነቱ እንጂ በሌጦው አይደለም።

ጨውና ሰዓት

ከተገፈፈ በኋላ ሌጦ ሥጋ ነው፤ እንደ ሥጋ ይበሰብሳል። በባቲ ሙቀት ከ3 እና ከ4 ሰዓት በላይ ያለ ጨው የቆየ ሌጦ ፀጉሩ መላቀቅ ይጀምራል። መጀመሪያ ደሙ ይታጠባል፣ የቀረው ሥጋና ስብ ይነሳል፣ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ጥላ ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ የሥጋ ገጹ ወደ ላይ ተዘርግቶ ከሌጦው ክብደት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆን ጨው ይበተንበታል። አንድ ጥሬ የፍየል ሌጦ 2 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ከ800 ግራም እስከ 1 ኪሎ ጨው ማለት ነው። ጨው የሚያንሰው ጠርዙ፣ አንገቱና እግሩ ላይ ነው፤ መበስበስም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጨውነቱም መካከለኛ ፍሬ ያለው ይሁን፦ የደቀቀው በአንድ ቦታ ይጋገራል፣ ድንጋዩ ቶሎ አይሟሟም። አንድ ጊዜ የተነሰነሰ ጨው አራግፎ ለሌላ ሌጦ መጠቀም የተለመደ ቁጠባ ነው፤ ውጤቱ ሌጦው ላይ የሚወጣ ቀይ ንጣፍ ነው፤ ጨው የሚችል ተሐዋሲ ከአሮጌው ጨው ጋር ተሸጋግሮ ነው።

ጨው የሌለው ሰው ሌጦውን መሬት ላይ በችካል ወጥሮ ፀሐይ ያስመታዋል። ላዩ በሰዓታት ውስጥ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይዘጋል፣ መሐሉ እርጥብ ሆኖ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ሲታይ የደረቀ ጥሩ ሌጦ ነው። ፋብሪካ ደርሶ ውሃ ሲገባ መሐሉ እንደ ተነከረ ወረቀት ይበጣጠሳል። ማድረቅ ግድ ከሆነ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሁለቱም ገጽ እንዲያልፍ መወጠር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ የሚያሳዝን ነገር አለ። ባቲ የጨው መንገድ ናት፤ የአፋር ጨው በገበያዋ ሲሸጥ የኖረ ነው። የጨው መተላለፊያ የሆነች ከተማ ሌጦ የሚበሰብሰው ጨው አጥቶ ሳይሆን፣ ለአንድ ሌጦ የሚሆነው ጨው ዋጋ ሌጦው ከሚያወጣው ጋር ሲነጻጸር አላዋጣ ብሎ ነው።

ዋጋው የት ቀረ?

ሌጦው ከግቢ ወደ መንደር ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢ ወደ ከተማ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ ቆዳ ፋብሪካ ይሄዳል። ፋብሪካው ሌጦውን በደረጃ ይለያል፤ አንደኛ ደረጃና ውድቅ የሆነ ሌጦ የዋጋ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። የመንደሩ ሰብሳቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ይገዛል፦ ይህን ያህል ሌጦ፣ ይህን ያህል ብር። በጥንቃቄ የገፈፈም፣ የጫረም እኩል ይቀበላሉ። በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ መጠንቀቅ ለሌላ ሰው በነጻ መሥራት ነው።

ሁለተኛው ችግር የመነሻ ቦታ መጥፋት ነው። ባቲ ላይ የተገዛው ፍየል በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ወይም ሞጆ ሄዶ ይታረዳል፤ ሌጦው እዚያ ከሌላው ሁሉ ጋር ይቀላቀላል። «ባቲ ጀኒዩን» የሚለው ስም ትርጉም የነበረው ሌጦው ከዚያው አካባቢ ታርዶ ሲሰበሰብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት በጥሬና በከፊል በተለፋ ቆዳና ሌጦ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ጣለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክረስት በሚባለው ያልተጠናቀቀ ቆዳም ላይ ተጨመረ። ዓላማው ያለቀለት ቆዳና የቆዳ ዕቃ ከሀገር እንዲወጣ ነበር። ለመንደሩ ሻጭ የሆነው ግን የገዢው ቁጥር ማነስ ነው፤ በዓለም ገበያም አርቴፊሻል ቆዳ እየገፋ መጣ። ከዚያ ወዲህ በበዓል ማግስት ሌጦ ገዢ አጥቶ መንገድ ዳር ተጥሎ ማየት የተለመደ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ባቲና ኮምቦልቻ ሲደርስ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተጎዱ፣ የአርቢውም ከብትና ፍየል ተበላ፤ የተዳከመ ገመድ ላይ የወረደ ምሳር ነበር።

ፍየሉ ራሱስ?

ሌጦው ወርዶ ፍየሉ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቆች ያጣችው የእንስሳት ሀብት ብዙ ነው፤ በ1977 ባቲ ራሷ የረሃብተኞች መጠለያ ነበረች። ከድርቅ በኋላ ጉረኖ የሚሞላው ከተገኘው ቦታ በተገዛ ፍየል ነውና በእያንዳንዱ ድርቅ ዘሩ ይደባለቃል። ከታች በአፋር በኩል ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ የግጦሹን መሬት ወርሯል። ፍየሉ ፍሬውን ይወደዋል፣ ዘሩንም በበጠጡ ራሱ ይዘራዋል። ከላይ በኩል ተራሮቹ ከንክኪ ነፃ ሆነው ሲከለሉ፣ ይህም ለአፈሩ ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ ፍየል የመጀመሪያው ተባራሪ ነበር።

ከሁሉ ዝግ ብሎ የሚጎዳው ግን የተገላቢጦሹ ምርጫ ነው። በአንድ ጉረኖ ውስጥ ከተወለዱት ወንዶች ፈጥኖ ያደገው፣ ጀርባው የሞላው፣ በስድስት ወሩ ነጋዴ ዓይን ይገባል። የውጭ ሥጋ ላኪ ቄራዎች ወጣት ወንድ የቆላ ፍየል ይመርጣሉ፤ ያልተሸጠው ጥሩ ወጠጤ ደግሞ ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል። ጉረኖው ውስጥ ቀርቶ ሴቶቹን የሚያስረግዘው ማንም ያልገዛው፣ ዘግይቶ ያደገው ነው። ወንድ ግልገል በአራትና በአምስት ወሩ ማጥቃት፣ ማለትም ሴት ማስረገዝ ስለሚጀምር እህቶቹንና እናቱን ሳይቀር ያስረግዛል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ፍየሉ ያንሳል፤ ሌጦውም ከአካሉ ጋር ይጠብባል።

መልሱ የውጭ ዘር ነው የሚሉ አሉ። ሥጋ አምራቹ የቦር ፍየል በሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከማዕከላዊ ደጋው ፍየል ጋር ተዳቅሎ ተሞክሯል። ድቅሉ ክብደቱ ይጨምራል፤ ግን የሚጨምረው መኖ ሲያገኝ ነው። በበጋ ግራር ቅጠልና ክትክታ ብቻ ባለበት ኮረብታ ላይ ትልቅ አካል ትልቅ ረሃብ ነው። ለሌጦው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ሳይታይ ማራባት «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ነው።

ከዚህ የተሻለው በዋግ ኽምራ በአበርገሌ ፍየል ላይ የተሠራበት የመንደር ማራቢያ ነው። ጎረቤታሞች ተስማምተው የእያንዳንዱን ግልገል የልደት ቀን፣ እናቱንና የስድስት ወር ክብደቱን ይመዘግባሉ። ነጋዴ ከመምጣቱ በፊት ከወንዶቹ ጥቂት ምርጦች ይለያሉ፤ ቀሪዎቹ ይሸጣሉ ወይም ይኮላሻሉ። አንድ የተመረጠ ወንድ ከ20 እስከ 30 ለሚሆኑ ሴቶች ይበቃል። ሴት ልጆቹ ለጥቃት ሳይደርሱ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት፣ ከሌላ ጉረኖ ወንድ ጋር ይቀያየራል። የሚፈርሰው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው፦ የተመረጠው ወጠጤ ባለቤት ገንዘብ ሲቸገር ሰኞን አይጠብቅም። ስለዚህ የሚሠራባቸው መንደሮች ወጠጤውን በጋራ ገንዘብ ከባለቤቱ ይገዙታል፤ አገልግሎቱን ሲጨርስ አድልበው ሸጠው ሌላ ይገዙበታል።

በባቲ ይህ ቢጀመር መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ያዋጣል፣ የሌጦው ነገር። ለዚያ ላቦራቶሪ አይጠበቅም። ወጠጤው ሲመረጥ ከትከሻው ኋላ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ ማንሳት፤ ወፈር ብሎ፣ ሲለቀቅ ቶሎ ወደ ቦታው የሚመለሰው ጥሩ ነው። አንገቱንና ትከሻውን በመዳፍ ማሰስ፤ አተር የመሰለ ጓጓላ ካለ ይቅር፣ በዚያው ቀን ይሸጥ። ከዚያ ብርሃን ወዳለበት አዙሮ የጎኑን ፀጉር ወደ ላይ መግለጥ፤ ከፀጉሩ ሥር የተጣበቀ፣ ሲያራግፉት የማይረግፍ ነጭ ነጥብ ከታየ የቅማል እንቁላል ነው፣ ለጉረኖው ሁሉ ዲያዚኖን መበጥበጫ ቀኑ ደርሷል።